መልስ፦ የበረሃ ጽጌረዳዬ ግንዱ ለሰለሰ፣ ውሃ ልጨምርለት?

ሰላም እህቴ። ድሬዳዋ ግቢሽ ያለው የበረሃ ጽጌረዳ ቅጠሉ ረግፎ ግንዱ እንደለሰለሰ፣ በየቀኑ እያጠጣሽውም ለውጥ እንደሌለው ጽፈሻል። አደራ፣ ከእንግዲህ ጠብታ ውሃ እንዳትጨምሪ!

ይህ ተክል የእኛው የቆላ ልጅ ነው። ውሃውን የሚያጠራቅመው ባበጠው ግንዱ ውስጥ ነው። በደረቁ ወራት ቅጠሉን ማራገፉ ጤነኛ ነው፣ አያስጨንቅሽ። የግንዱ መለስለስ ግን ሁለት ምክንያት አለው። አፈሩ ደርቆ ከሰነበተና ግንዱ ከተጨማደደ ጠምቶታል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ከለሰለሰ ግን ሥሩ እየበሰበሰ ነው። ያንቺ ሁለተኛው ይመስለኛል።

ዛሬውኑ ንቀዪው። የበሰበሰውን በንጹሕ ቢላዋ፣ ጤነኛው ክፍል እስኪታይ ድረስ ቁረጪ። ጓንት ማድረግ እንዳትረሺ። ከተክሉ የሚወጣው ፈሳሽ መርዝ ነው፤ በአፍሪካ አዳኞች ቀስታቸውን ይቀቡበት ነበር። ልጆችና ፍየሎች አይድረሱበት። ከዚያ ቁስሉ እስኪደርቅ ሳምንት ያህል ጥላ ስር አቆዪው።

መልሰሽ ስትተክዪው ከአፈሩ ግማሹ ሸካራ አሸዋና ጠጠር ይሁን። ድሬ ላይ አሸዋ መቼም አይቸግርም። ማሰሮው ከታች ቀዳዳ ይኑረው። ሥር ሲይዝ ሙሉ ፀሐይ ላይ አውጪው፤ ውሃ የምትሰጪው አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ ነው። ሐረር ያለችው እህትሽም ይህን ተክል ካላት፣ እዚያ ስለሚቀዘቅዝ ውሃውን ከዚህም ትቀንስ።

ለወደፊቱ ከዘር ብታበቅዪ እመርጣለሁ። ከቅርንጫፍ የተተከለው ያብባል፣ ያን የሚያምር ወፍራም ግንድ ግን እንደ ዘሩ አያወጣም።