መልስ፦ ማይክሮፕላስቲክ በባሕር እንስሳት ውስጥ እንደ ሜርኩሪ ይጠራቀማል ወይ?

ጤና ይስጥልኝ። ትንሹ ዓሣ የዋጠው ፕላስቲክ እርሱን በሚበላው ትልቅ ዓሣ ውስጥ እንደ ሜርኩሪ እየተጠራቀመ ይሄዳል ወይ ብለው ለጠየቁት፣ መሻገሩ በሙከራ የተረጋገጠ ነው፤ መጠራቀሙ ግን በሜርኩሪ ልክ አልታየም።

ከ5 ሚሊሜትር የሚያንሰውን ይህን ስብርባሪ ቀድመው ከሚውጡት መካከል ኮፔፖድ የሚባሉት፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ እንስሳት ይገኙበታል፤ ከሚመገቡት አልጌ ጋር ወደ ሆዳቸው ያስገቡታል፣ በኩሳቸውም ያስወጡታል። ፖሊስታይሪን የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ያለበት ኩስ ቀለል ስለሚል ወደ ባሕሩ ወለል የሚሰምጠው በዝግታ ነው፤ በዚህ መሐል ሌላ እንስሳ መልሶ ሊበላው ይችላል። እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ አንድ ሙከራ፣ እጅግ ጥቃቅን የፖሊስታይሪን እንክብሎችን የዋጡ መስሎች (ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳት ናቸው) ለሸርጣኖች ተሰጥተው፣ እንክብሎቹ ደም በሚመስለው የሸርጣኖቹ ፈሳሽ ውስጥ ተገኝተዋል፤ በ21ኛው ቀን ግን ከሞላ ጎደል ጠፍተው ነበር።

ሜቲል ሜርኩሪ (በዓሣ ውስጥ የሚጠራቀመው የሜርኩሪ ዓይነት) ከጡንቻ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ከተበላው ወደ በላው እንስሳ በየደረጃው ይጨምራል፤ ፕላስቲኩ ግን በአብዛኛው አንጀት ውስጥ ቆይቶ ይወጣል። ስለዚህም ሆድ ዕቃው ወጥቶ የተጠበሰ ዓሣና ከነሆድ ዕቃው የሚበላ መስል ለተመጋቢው እኩል አይደሉም።