ከጡረታ ዕድሜ በኋላ የተቀነሰ ፒፕ እና ያ የስልክ ጥሪ

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው፤ ዕድሜዬ 68 ነው። በጉልበትና በወገብ ሕመም ከ2018 ጀምሮ ፒፕ (ለአካል ጉዳትና ለረጅም ጊዜ ሕመም የሚሰጠውን የመንግሥት አበል) አገኝ ነበር። ለመንቀሳቀስ የሚከፈለው ክፍል (ሞቢሊቲው) ከፍተኛው መጠን፣ ለዕለት ኑሮ የሚከፈለው (ዴይሊ ሊቪንጉ) መደበኛው ነው። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ፎርም ላኩልኝ፣ ሞልቼ መለስኩ፣ በስልክም ጠየቁኝ። ከአገር ቤት ስመለስ ደብዳቤ ጠበቀኝ፤ ሞቢሊቲውን 4 ነጥብ ብቻ ሰጥተው ጨርሶ አንሥተውታል። ስደውልላቸው «ጡረታ ስለገቡ አቴንዳንስ አላወንስ ቢያመለክቱ ይሻላል» አሉኝ። እንደ አዲስ ላመልክት ወይስ ይግባኝ ልበል?

መልስ፦ እንደ አዲስ አያመልክቱ፤ ውሳኔውን ይቃወሙ። አቴንዳንስ አላወንስ ያሉዎት ሰው ክፉ አስበው ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ያ ከጡረታ ዕድሜ በኋላ ለታመሙ የሚሰጥ አበል የሞቢሊቲ ክፍል የለውም፤ ፒፕ ለሚያገኝ ሰውም አይሰጥም። ወደዚያ ከሄዱ የተወሰደብዎትን ገንዘብ በፈቃድዎ ተውት ማለት ነው።

ወደ አካሄዱ ከመግባቴ በፊት ግን ሳይነግሩኝ ያለፏቸው ነገሮች አሉ፤ ሳልጠይቅ አላልፍም።

አንዱ የደብዳቤው ቀን ነው። «ስመለስ ጠበቀኝ» አሉ እንጂ ስንት ሳምንት እንደጠበቀዎት አልነገሩኝም። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ፖስታውን ከከፈቱበት ዕለት አይደለም፤ ደብዳቤው አናት ላይ ከታተመው ቀን ነው። ለመቃወም ያለዎት ጊዜ አንድ ወር ነው። ካለፈም ተስፋ አይቁረጡ፤ በቂ ምክንያት ካለዎት ዘግይቶ መቃወም እስከ 13 ወር ድረስ ይቻላል። አገር ውስጥ እንዳልነበሩ የሚያሳየው ቲኬትዎ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ይኸው ቲኬት ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ ስንት ጊዜ ቆዩ? ፒፕ ከአገር ውጭ የሚከፈለው እስከ 13 ሳምንት ነው። የወጡት ለሕክምና ብቻ ከሆነ እስከ 26 ሳምንት ይደርሳል፤ ሕክምናው ግን ብቃት ባለው ባለሙያ የሚሰጥ ወይም የሚመራ መሆን አለበት። ለጠበል የቆዩበትን ጊዜ በዚህ አስቆጥራለሁ ብለው አይተማመኑ። ከ4 ሳምንት በላይ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ገና አክብረው ጥምቀትንም አልፈው እስከ ፋሲካ ከቆዩ ቀኑን ሳይቆጥሩ፣ አማካሪም ሳያነጋግሩ ቲኬቱን የትም አያስገቡ። እንዲደብቁ አይደለም የምለው፤ ትርፍ ክፍያ ካለ መጀመሪያ ማወቅ ያለብዎት እርስዎ ስለሆኑ ነው።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ፎርሙ ለምን መጣ? ከ2019 ወዲህ የጡረታ ዕድሜ የደረሰ የፒፕ ተጠቃሚ እንደ ቀድሞው በየጊዜው አይገመገምም። አብዛኛው የማብቂያ ቀን የሌለው ውሳኔ ይሰጠዋል፤ በ10 ዓመቱ ቀለል ያለ ፍተሻ ይደረግለታል። ታዲያ የ68 ዓመት ሰው ቤት ፎርም በአብዛኛው በራሱ አይመጣም። በእኔ ግምት እርስዎ ወይም ከልጆችዎ አንዱ ዲደብሊውፒ (አበሉን የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ጋ ደውሎ «ሕመሙ ብሷል፣ ትንሽ ይጨመርልን» ብሏል። ይህን ማንም በጥያቄው አይጽፍልኝም፤ ሁሉም «ፎርም ላኩልኝ» ነው የሚለው። ነውር የለበትም፤ የእርስዎ ነገር ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ግን እዚህ ላይ ነው።

በ2013ቱ የፒፕ ደንብ አንቀጽ 27 መሠረት፣ ከጡረታ ዕድሜ በኋላ በተፈጠረ ለውጥ ምክንያት ውሳኔ እንደገና ሲታይ ዴይሊ ሊቪንግ ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል። ሞቢሊቲ ግን ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም። መደበኛ የነበረው ከፍተኛ አይሆንም፤ ያልነበረው አይጀመርም፤ ከፍተኛ የነበረው ግን መደበኛ ሊሆን ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። የጡረታ ዕድሜ የምለው የመንግሥት ጡረታ የሚጀምርበትን ነው፤ ለእርስዎ 66 ነበር፤ ከኤፕሪል 2026 እስከ 2028 ቀስ በቀስ ወደ 67 ያድጋል።

በ2025/26 ተመን እናስላው። የሞቢሊቲው ጣሪያ ላይ ስለነበሩ ከዚያ ስልክ ሊያገኙ ይችሉ የነበረው የዴይሊ ሊቪንጉን ልዩነት ብቻ ነው፦ ከ73.90 ወደ 110.40፣ በሳምንት 36.50 ፓውንድ። ለዚህ ሲባል በሳምንት 77.05 የነበረው ሞቢሊቲ አብሮ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። «ስለ ምግብ ማብሰሉና ስለ ገላ መታጠቡ ብቻ እዩልኝ» ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ አንዴ ፋይሉ ከተከፈተ የሚገመገመው ሁሉም ነው። በዚህ ተመን የቀረብዎት በዓመት 4,006.60 ፓውንድ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚከተለው ስሕተት ከመጀመሪያው ይብሳል። ሰው ሞቢሊቲው ሲነሣበት ስልኩን እንደገና ያነሣና «ሰሞኑንማ ጨርሶ መራመድ አቃተኝ» ይላል። ማዶ ያለው ሠራተኛ ይህን ተቃውሞ ብሎ ላይመዘግበው ይችላል፤ አዲስ ለውጥ ብሎ ይጽፈዋል። አዲስ ለውጥ ደግሞ ከጡረታ ዕድሜ በኋላ የመጣ ነው፤ ሞቢሊቲዎ ዜሮ ሆኖ ሳለ፣ ከተነሣ በአንድ ዓመት ውስጥ ካለው ውስን ዕድል በቀር፣ ምንም ያህል ቢብስብዎት አይመልሰውም። በዚህ መሀል የተቃውሞው አንድ ወር ያልቃል። ስለዚህ ለዲደብሊውፒ የሚናገሩትና የሚጽፉት ሁሉ አንድ ነገር ይሁን፦ «በዚህ ቀን የተሰጠው ውሳኔ ስሕተት ነው፤ ውሳኔው በተሰጠበት ጊዜ መራመድ የምችለው ይህን ያህል ነበር።» ብሶብኛል የሚለውን ቃል ለሐኪምዎ ያቆዩት።

ይግባኙን የሚሰማው ችሎት፣ ትራይቡናሉም፣ የሚያየው ውሳኔው በተሰጠበት ቀን የነበረውን ሁኔታዎን ነው፤ የ1998ቱ የሶሻል ሴኩሪቲ አዋጅ አንቀጽ 12 እንዲህ ይላል። ከውሳኔው በኋላ ወድቀው ዳሌዎ ቢሰበር ያ ለዚህ ጉዳይ አይቆጠርም። ዛሬ የሚጻፍ የሐኪም ደብዳቤ ግን ስለዚያን ጊዜው የሚናገር ከሆነ ይሠራል። ለጂፒዎ (ለመደበኛ ሐኪምዎ) «ደብዳቤ ይጻፉልኝ» ብቻ ብለው አይመለሱ፤ «በዚህ ወር ስንት ሜትር እራመድ ነበር፣ ስንት ጊዜ አርፍ ነበር፣ በምን ምክንያት» የሚለውን እንዲመልሱ በጽሑፍ ይስጧቸው።

ሌላ የስልክ ወጥመድም አለ፤ ይኼኛውን የሚደውሉት እነሱ ናቸው። ይግባኙ ከገባ በኋላ ዲደብሊውፒ ፋይሉን መልሶ ያየዋል፤ አንዳንድ ጊዜ «መደበኛውን ሞቢሊቲ ብንሰጥዎትስ?» የሚል ስልክ ይመጣል። በ2025/26 ተመን በሳምንት 29.20 ፓውንድ ነው፤ ከዜሮ ይሻላልና ሰው እሺ ይላል። ውሳኔው ለእርስዎ ጥቅም ተሻሽሎ ሲወጣ የተጀመረው ይግባኝ በሕግ ይቋረጣል። በአዲሱ ውሳኔ ላይ እንደገና ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ግን አዲስ የጊዜ ገደብ፣ አዲስ ፎርም፣ አዲስ ወረፋ ነው፤ የደከመው ሰው እዚያው ይተወዋል። የ50 ዓመት ሰው እንዲህ ቢያደርግ ነገ ሲብስበት መጨመር ይችላል፤ እርስዎ ግን 29.20 ላይ እንደታሰሩ ይቀራሉ። ስለዚህ በስልክ እሺም እንቢም አይበሉ። «በጽሑፍ ላኩልኝ፤ አማካሪዬን ጠይቄ እመልሳለሁ» ይበቃል። ልጆችዎም ስልኩን ካነሡ ይህንኑ ይበሉ።

አካሄዱ ረጅም አይደለም። መጀመሪያ ማንዳቶሪ ሪኮንሲደሬሽን የሚባለውን ይጠይቁ፤ ዲደብሊውፒ ውሳኔውን ራሱ መልሶ እንዲያይ ማለት ነው። በስልክም ይቻላል፤ እኔ ግን በደብዳቤ ወይም በፎርሙ እንዲሆን እመክራለሁ፤ ቅጂ ያስቀሩ፣ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ አይጣሉ። ብዙ ጊዜ መልሱ «አልለወጥንም» ነው፤ አይደንግጡ። ያ መልስ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ደግሞ አንድ ወር አለዎት፤ በኢንተርኔት ወይም ኤስኤስሲኤስ 1 በሚባለው ፎርም ለትራይቡናሉ ያቀርባሉ። ክፍያ የለውም። ወረቀት ብቻ ታይቶ ይወሰን የሚለውን አይምረጡ፤ ሲራመዱ፣ ሲቀመጡና ሲነሡ የሚያይዎት ሰው ያስፈልጋል። በዚህ ሁሉ መሀል የቀረውን ክፍያ ይቀበሉ፤ መቀበልዎ በውሳኔው ተስማሙ አያሰኝም። ከረቱ ልዩነቱ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይከፈላል።

ዛሬውኑ ግን ዲደብሊውፒን ደውለው የገምጋሚውን ሪፖርት ቅጂ ይጠይቁ፤ የ2018ቱንም ጨምረው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቡ። በሕመምዎ የተሻሻለ ነገር ከሌለ፣ ያኔ 12 ነጥብ ያሰጠው ጉልበት ዛሬ እንዴት 4 ሆነ? ከፍተኛ የነበረን አበል የሚያነሣ ወገን ያነሣበትን ምክንያት ማስረዳት አለበት። ከዚህ የጠነከረ ክርክር የለዎትም፤ ያለ አሮጌው ሪፖርት ደግሞ ማንሣት አይችሉም።

4 ነጥብ የሰጡዎት ከ50 እስከ 200 ሜትር ይራመዳሉ ብለው ነው። ከ20 እስከ 50 ሜትር ያለ ምርኩዝ ከሆነ 8፣ በምርኩዝ ከሆነ 10፣ ከ20 ሜትር የማያልፍ ከሆነ 12 ነው። ለመደበኛው 8፣ ለከፍተኛው 12 ያስፈልጋል። 20 ሜትርን በዓይን መገመት ለሁላችንም ከባድ ነው፤ ሁለት ቀይ ባለ ፎቅ አውቶቡሶች ፊትና ኋላ ሆነው ቢቆሙ 20 ሜትርን ጥቂት ያልፋሉ። «እስከ ሱቁ እሄዳለሁ» ከማለትዎ በፊት ልጅዎ በሜትር ይለካው። ያውም መራመድ ብቻውን አይበቃም፦ ያለ አደጋ፣ በአግባቡ፣ በተደጋጋሚ፣ ጤነኛ ሰው ከሚፈጅበት ጊዜ ከእጥፍ ባልበለጠ፣ ከግማሽ በሚበልጡት ቀናት መሆን አለበት። 40 ሜትር ሄደው ለግማሽ ሰዓት ከተቀመጡ፣ 40 ሜትር ይራመዳሉ አይባልም።

ሪፖርቱ ውስጥ «እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይፈልጉ። ገምጋሚው ይሄዳሉ ወይ ብሎ ጠይቆ፣ እርስዎም አዎ ብለው፣ ቅዳሴውን ሙሉ ቆመው እንዳስቀደሱ ተጽፎ ይሆናል። ልጅዎ በር ድረስ በመኪና እንደሚያደርስዎት፣ በመቋሚያ ተደግፈው እንደሚገቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጠው እንደሚያስቀድሱ ካልተናገሩ ማን ይጽፍልዎታል? «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለት የእኛ ወግ ነው፤ እዚያ ግን እንደ ሕክምና መረጃ ሊያዝ ይችላል። ቦሌና ሂትሮው ላይ በዊልቸር ከተወሰዱ አየር መንገዱ የመዘገበውን ያስወጡ፤ የቆዩበት ጊዜ የተስተካከለ ከሆነ እሱም ለእርስዎ ይመሰክራል።

አንድ አደጋ ሳልነግርዎት ብቀር ሙያዬ አይፈቅድም። ትራይቡናሉ መልሶ መስጠት እንደሚችል ሁሉ ያልነኩትን ዴይሊ ሊቪንግም መቀነስ ይችላል። ነጥብዎ ስንት ነው? ልክ 8 ከሆነ ጠርዝ ላይ ነዎት፤ አንድ ነጥብ ቢጎድል ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ይነሣል። ብቻዎን የሚኖሩና ፔንሽን ክሬዲት (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ጡረተኞች የሚሰጠውን ድጎማ) የሚያገኙ ከሆነ፣ በዴይሊ ሊቪንጉ ምክንያት የሚጨመረው፣ በ2025/26 ተመን በሳምንት 82.90 ፓውንድ የሆነው፣ አብሮት ሊሄድ ይችላል። ዳኞቹ ወደዚያ ካዘነበሉ ሊያስጠነቅቁዎት ይገባል፤ ያኔ ጊዜ ይሰጠኝ ማለት ወይም ይግባኙን ለመተው መጠየቅ ይቻላል። ይህን ለብቻዎ ችሎት ውስጥ ተቀምጠው መወሰን የለብዎትም። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ በዚህ ደረጃ ሊጋል ኤይድ (መንግሥት የሚከፍልለት ጠበቃ) በአብዛኛው አይገኝም፤ ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት፣ በአካባቢዎ ያለ ሎው ሴንተር (ነፃ የሕግ ምክር ቢሮ) ወይም የካውንስልዎ የቤኔፊት አማካሪ ግን በነፃ ያዩልዎታል። ሲሄዱ የውሳኔውን ደብዳቤ፣ የነጥቡን ዝርዝር፣ ሁለቱን ሪፖርቶች፣ የሞሉትን ፎርም ቅጂ፣ የመድኃኒት ዝርዝርዎንና ቲኬትዎን ይያዙ። ባዶ እጅዎን ከሄዱ ቀጠሮው ይባክናል፤ ያለዎት ደግሞ አንድ ወር ነው።

ይግባኝ ፎርሙ ላይ አስተርጓሚ ያስፈልግዎት እንደሆነ ይጠየቃሉ። እንግሊዝኛዬ ይበቃኛል ብለው አይለፉት፤ አማርኛ ብለው ይጻፉ፣ ትራይቡናሉ በነፃ ያቀርባል። ልጅዎ አብሮዎት ይግባ፣ ያየውንም ይመስክር፤ ማስተርጎሙን ግን ለአስተርጓሚው ይተውለት። በስልኩ ግምገማ ላይ ማን እንዳስተረጎመልዎት በጥያቄዎ አልጻፉልኝም፤ እሱንም ለአማካሪዎ መንገር አይርሱ።