ሳልጠጣው ያስቀመጥኩት ቡና

ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

የ58 ዓመት እናት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ነው። የጎረቤቶቼን ቋንቋዎች እናገራለሁ፤ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ጋር አብሬ በልቼ አብሬ አልቅሻለሁ። ሰው ለይቼ አላውቅም እያልኩ ስኩራራ ኖሬያለሁ።

የመጨረሻው ልጄ ሊያገባ ነው። ልጅቷ ድሬዳዋ በሒሳብ ሠራተኛነት የምትሠራ ጨዋ ልጅ ናት። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ያሳደገቻትን አያቷን እንድናይ ብሎ ልጄ ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ይዞኝ ሄደ። ቢሲዲሞ ላይ «እንውረድ» ሲለኝ ነገሩ ገባኝ። ቢሲዲሞ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል መኖሩን ሐረር ውስጥ የማያውቅ የለም።

አያቷ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። የሁለቱም እጆቻቸው ጣቶች አጥረዋል። ከብዙ ዓመታት በፊት ታክመው እንደዳኑ ልጄ ነገረኝ። ቡናውን ራሳቸው ቆልተው፣ አፍልተው፣ ቀድተው ሰጡኝ። ሲኒውን ተቀበልኩ፤ ወደ አፌ ማድረስ ግን አቃተኝ። «ጨጓራዬን አሞኛል» ብዬ አስቀመጥኩት። አያቷ ምንም አላሉም። ልጅቷ መጀመሪያ ሲኒውን፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ከዚያ ሲኒውን አንስታ ራሷ ጠጣችው።

ልጄ ከደወለልኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። መድኃኔዓለም ደጅ ለተቀመጡት ሁልጊዜ እመጸውታለሁ፤ ከእነሱም መካከል እንዲህ ያሉ አሉ። በሽታው እንደሚድንም ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ። ታዲያ እጄ ለምን እምቢ አለኝ? ልጅቷን እወዳታለሁ፤ እሷ እንደነሱ አይደለችም። እኅቶቼ ግን «በዘር ይወርዳል» ይሉኛል። የእድሩ ሰው ሲሰማስ ምን ይለኛል?

ያፈረች እናት፣ ከሐረር

መልስ

ውድ እናቴ፣

የእኅቶችዎን ነገር አስቀድሜ ልጨርስ። ሥጋ ደዌ በዘር አይወርድም። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ ይህንንም ኖርዌጂያዊው ሐኪም ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ደርሶበታል። የአብዛኛው ሰው ሰውነት ይቋቋመዋል። የታመመም ሰው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚወሰድ የተቀናጀ መድኃኒት ይድናል፤ የዳነ ደግሞ ለማንም አያስተላልፍም። ጣት የሚያጥረውም በሽታው ቆርጦ ስለሚጥለው አይደለም። ነርቭ ስለሚጎዳ ጣቱ ሙቀትም ሕመምም አይሰማውም፤ እሳት ይፈጀዋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ በዓመታት ውስጥ ያጥራል። ይህችን ነገር ይያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚህ ብዙውን ግን እርስዎም ሰምተውት ነበር። እጅዎን ያዘው አለማወቅ አይደለም። ፖል ሮዚን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ከጀርም ሁሉ የጸዳ የሞተ በረሮ ጭማቂ ውስጥ ነክረው አወጡ። ሰዎቹ በረሮው ንጹሕ መሆኑ ተነግሯቸዋል። ጭማቂውን ግን ጠሉት። መጸየፍ ማስረጃ አይሰማም፤ «አንዴ የነካ ለዘላለም ነካ» ይላል። በበረሮ ሲሆን ቀልድ ነው፤ በሰው ሲሆን ግን ምን እንደሚመስል ልጅቷ በዓይኗ አይታለች። የእኛስ ከተማ ነገር አይገርምም? ማታ ማታ ጅብ በእጁ፣ አልፎም በአፉ በያዘው እንጨት ሥጋ የሚያጎርስ ሰው ያለባት ሐረር ውስጥ፣ የአንዲት አያት ሲኒ ያስፈራናል። ከጅቡ ጋር ተላምደናላ።

«እኔ እመጸውታለሁ» ያሉትን ደግሞ አላልፈውም። ጎርደን ኦልፖርት የተባሉት ምሁር ስለ ጭፍን ጥላቻ እ.ኤ.አ. በ1954 በጻፉት መጽሐፍ፣ ሰዎች መተያየታቸው ብቻውን ጥላቻን እንደማይቀንስ አስረድተዋል። ግንኙነቱ በእኩልነት ሲሆን፣ አንድ ዓላማ ይዘው ተባብረው ሲሠሩ፣ ከላይ ያለውም ወግ ወይም ባለሥልጣን ሲደግፈው ነው ለውጥ የሚያመጣው። ምጽዋት ይህን አያሟላም። እርስዎ ቆመው፣ እነሱ ተቀምጠው፣ ሳንቲሙ ወርዶ ያልቃል። ቢሲዲሞ ላይ ግን ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጪዋ እሳቸው፣ ተቀባይዋ እርስዎ ሆኑ። እጅዎ የደነገጠው ከሲኒው ብቻ አይመስለኝም።

«እሷ እንደነሱ አይደለችም» ማለትም ምስጋና እንዳይመስልዎት። ኦልፖርት የታዘቡት ተንኮል ይኸው ነው፤ አንዲቱን ከአጥሩ እናስወጣና አጥሩን መልሰን እናጥራለን። ልጅቷ ያሳደገቻትን አያት ውጭ ትታ የእርስዎ ምራት የምትሆን አይመስለኝም። ቡናውን ስትጠጣው ነግራዎታለች።

ለእድሩ ያን ያህል አይጨነቁ። ሪቻርድ ላፒየር የተባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከቻይናውያን ባልና ሚስት ጋር በአሜሪካ ተዘዋውረው ከ250 በላይ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ገቡ። የከለከላቸው አንድ ብቻ ነበር። በኋላ «ቻይናዊ ታስተናግዳላችሁ?» ብለው በደብዳቤ ሲጠይቁ፣ ከመለሱት ከአሥሩ ዘጠኝ በላይ የሚሆኑት «አናስተናግድም» አሉ። ሰው ስለሌለ ሰው ሲያወራ ጨካኝ ነው፤ ፊት ለፊት ሲመጣበት ይለሰልሳል። የእድርዎ ሰዎች ከእነዚያ ባለሆቴሎች የከፉ አይመስለኝም። እርስዎ ደግሞ በእኅቶችዎ ዘንድ ወግ አውጪ ነዎት፤ ሠርጉ ላይ አያቷን ከጎንዎ ካስቀመጡ የሚያጉረመርም ቢኖር እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

አንድ ነገር ከነከነኝ። በደብዳቤዎ ስለ ጣቶቻቸው፣ ስለ ሲኒያቸው ጻፉ፤ ስማቸው ግን የለም። ሊደብቁላቸው ብለው ከሆነ ደግ አደረጉ። ሳይጠይቁ ተመልሰው ከሆነ ግን ከዚያ ይጀምሩ። «ምንም አላሉም» ያሉትም ልቤ ላይ ቀርቷል፤ ሲኒ ሲመለስባቸው የመጀመሪያቸው አይመስለኝም።

እንግዲህ ይመለሱ። ረጅም ይቅርታ ይዘው አይሂዱ፤ ይቅርታ ሲረዝም አጽናኙ የተበደለው ይሆናል። «ያን ቀን ጨጓራዬን አላመመኝም፤ ፈርቼ ነው» ይበሉና ይቀመጡ። አቦሉ ሊያንቅዎት ይችላል፤ ግድ የለም፤ በረካው ድረስ ይቆዩ፤ በሌላ ቀንም ይድገሙት። እጅ የሚማረው በመደጋገም ነው። የሠርጉን ሥራም ይካፈሉ። በርበሬውን አብራችሁ ልቀሙ፤ ስለ ቅመሙ መጠን ተጨቃጨቁ። እኔ ከጭቅጭቁ ብዙ እጠብቃለሁ።

ይያዙልኝ ያልኩት ነገር፦ ጣቶቻቸው ሙቀት አይሰማቸውም። ጀበናው ሲገነፍል የሚያወርዱት ግን እሳቸው ናቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቀው እርስዎ ያውርዱላቸው።

ለልጅዎ ዛሬ ይደውሉ። ስለ ሦስቱ ሳምንት አያንሱበት፤ ቅዳሜ ወደ ቢሲዲሞ የሚሄድ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ብቻ ይጠይቁት።