ትኩስና ቀዝቃዛ ምግብ የምታመላልሺበት ቦርሳ የትኛው እንደሚሻል ለጠየቅሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ቤት ያበሰልሽውን ምግብ በሞተር ለደንበኞች ልታደርሺ ነው። ትኩስም አለሽ፣ ቀዝቃዛም አለሽ። ሁለት ቦርሳ አይተሻል። አንዱ ወፍራም ነው። ሌላው ላይ «ለ12 ሰዓት ይይዛል» የሚል ተጽፎበታል። «የቱን ልግዛ? አንድ ቦርሳስ ለሁለቱም ይበቃኛል?» ብለሻል። ብዙ ሰው «ወፍራሙን ግዢ» ብሎ መልሶልሻል። ስህተት ነው አልልም፤ ግን አይበቃም። እኔ የበሰለ ምግብና የወተት ውጤት ማመላለስ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ብዙ ቦርሳ ገዝቼ ጥያለሁ። ከረዘመብሽ ይቅርታ፤ ነገሩ የሰው ጤና ስለሆነ አሳጥሬ ማለፍ አልፈልግም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ። ቦርሳው አያሞቅም፣ አያቀዘቅዝምም። የውስጡ ሙቀት ቶሎ እንዳይወጣ፣ የውጪውም ቶሎ እንዳይገባ ያዘገያል፤ ሥራው ይኸው ነው። ድንጋይ በብርድ ልብስ ብትጠቀልዪ ድንጋዩ አይሞቅም። እኛን ብርድ ልብስ የሚያሞቀን ራሳችን ሙቀት ስለምናመነጭ ነው። ቦርሳም እንደዚያው ነው። ለብ ያለ ምግብ ከከተትሽበት ለብ ያለ ምግብ ነው የምታወጪው፣ ያውም ከገባበት ቀዝቅዞ።

ይሄ በደንብ የገባኝ በእርጎ ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት አንድ ቀን ቦርሳውን ጠዋት ሙሉ ፀሐይ ላይ ትቼው ነበር። እርጎውን ከፍሪጅ አውጥቼ በቀጥታ ከተትኩበት። በረዶ አልጨመርኩም፤ ቦርሳው ወፍራም ስለሆነ ይበቃል ብዬ ነው። የመጨረሻዋ ደንበኛ ጋ ስደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖኛል። ዕቃውን በእጇ እንደያዘች «ይሄ እኮ ለብ ብሏል» አለችኝ። ቴርሞሜትር ስከትበት 17 ዲግሪ አለ። ለሌሎቹም ደውዬ እንዳይበሉት ነገርኳቸው፣ ሁሉም ተደፋ። ለካ ፎሙ (በቦርሳው ግድግዳ ውስጥ ያለው ስፖንጅ መሰል ነገር) እና የውስጥ ገበሩ ራሱ ሞቆ ኖሯል። የእርጎውን ቅዝቃዜ ቀድሞ የበላው ቦርሳው ነው። ከዚያ ወዲህ ጭነት ከመግባቱ በፊት በቀዝቃዛው ቦርሳ ውስጥ በረዶ አድርጌ ለግማሽ ሰዓት እዘጋዋለሁ። በትኩሱ ውስጥ ደግሞ የማያፈስ ክዳን ያለው ዕቃ ሙቅ ውሃ ሞልቼ አስቀምጥና ምግቡ ሲገባ አወጣዋለሁ።

ቁጥሮቹን በቃልሽ ያዢያቸው። ቀዝቃዛ ምግብ ከ5 ዲግሪ በታች፣ ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት። በመሃል ያለው ባክቴሪያ የሚራባበት ቦታ ነው። ሁኔታው ከተመቻቸለት አንዳንዱ ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። ቁጭ ብለሽ ብታሰዪው ከ1 ተነስቶ በ4 ሰዓት ውስጥ 4,096 ይደርሳል። ለዚህ ነው ቶሎ የሚበላሽ ምግብ በዚያ መሃል ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ የሚባለው። አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይም። «ደንበኛው ያሞቀዋል» ብለሽ እንዳትተማመኚ። ለምሳሌ በበሰለ ሩዝ ውስጥ ምግብ ማብሰል የማይገድለው ዘር የሚተው ባክቴሪያ አለ። ሩዙ ለብ ብሎ ከቆየ ተራብቶ መርዝ ያመነጫል። ያ መርዝ መልሶ በማሞቅ አይጠፋም።

ስለዚህ አንድ ቦርሳ ለሁለቱም ይበቃል ወይ ላልሽው፣ አይበቃም። መሃሉ ላይ መከፋፈያ ያለው ቦርሳ ስላየሁ ነው ብትዪም ያው ነው። መከፋፈያው ብዙ ጊዜ ስስ ነው፤ ትኩሱ ቀዝቃዛውን ያሞቃል፣ ቀዝቃዛውም ትኩሱን ያቀዘቅዛል። ሁለቱም ተገናኝተው ያንን አደገኛ መሃል ይገባሉ። ገንዘብሽ ለአሁኑ ለአንድ ጥሩ ቦርሳ ብቻ ከሆነ አንዱን ዓይነት ምግብ ብቻ ይዘሽ ጀምሪ።

አሁን ወደ ምርጫው። ውፍረት ጥሩ ነው፤ ሙቀትን የሚያዘገየው ፎሙ ውስጥ የታሰረው አየር ነው። ግን ወፍራም ሆኖ ሲጫኑት ተጨፍልቆ የሚቀር ፎም አየሩ ወጥቷል ማለት ነው። በሁለት ጣትሽ ጫን አድርጊውና ልቀቂው፤ ወዲያው መመለስ አለበት። ውስጡ የሚያብረቀርቀው አሉሚኒየም በጨረር መልክ የሚሄደውን ሙቀት ይመልሳል። ብቻውን ግን ብዙ አይረዳም፤ አሉሚኒየም ሲነካ ሙቀትን በደንብ የሚያስተላልፍ ብረት ነው። ብልጭልጩን አይተሽ አትግዢ። ከጀርባው ያለውን ፎም ተመልከቺ።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ሰው የማያየው ቦታ ነው። ክዳኑ፣ ማዕዘኖቹ፣ ዚፑና ስፌቱ። ብዙ ቦርሳ ጎኑ ላይ ጥሩ ፎም ይኖረውና ክዳኑ ላይ ስስ ጨርቅ ብቻ ይሆናል። ማዕዘኑ ጋም ፎሙ ተቆርጦ ይቀራል። እኔ የምፈትሸው በስልክ መብራት ነው። የስልክሽን ባትሪ መብራት አብሪና ቦርሳው ውስጥ አስቀምጪ። ዝጊው። ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ዙሪያውን እዪው። በዚፑ ዳር ብርሃን ከወጣ አየርም ይወጣል። በመርፌ ቀዳዳ ነጥብ ነጥብ ብሎ ከታየሽ እዚያ በኩል ውሃ ወደ ፎሙ ይገባል። አንድ ጊዜ ሁለት ቦርሳ ይዤ ይህን ስፈትሽ ከርካሹ ምንም አልታየም፣ ውዱ እንደ ወንፊት አበራ። ሻጩም አብሮኝ አየ።

ዚፑ ላይ የሚወርድ ሽፋን ያለው ምረጪ። ቬልክሮ (ተጫኖ የሚጣበቀው ማሰሪያ) ለመክፈት ይፈጥናል፤ ግን ክርና ቆሻሻ ሲይዘው መያዝ ያቆማል። በቀን አርባ ጊዜ የሚከፈት ቦርሳ ላይ ዚፑም ጥርሱ ትልልቅ ካልሆነ ቶሎ ይሞታል።

የሚከፈትበት አቅጣጫም ለውጥ አለው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ከፊት የሚከፈት ቦርሳ ስትከፍቺ እንደ ውሃ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ከላይ የሚከፈት ከሆነ ግን ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ለቀዝቃዛው ከላይ የሚከፈት ያዢ። ለትኩሱ ከፊት የሚከፈት ይሻላል፤ ሳህኖቹንም ሳታጋድዪ ታወጫቸዋለሽ።

መጠኑን በተመለከተ ሰው «ለወደፊቱ ይሆነኛል» እያለ ትልቅ ይገዛል። እኔም ገዝቼ ነበር። ግማሹ ባዶ የሆነ ቦርሳ ግን ቶሎ ይሸነፋል። ጭነቱ ራሱ ነው ሙቀት የሚይዘው፤ አየር ምንም ያህል አይዝም። ሙሉ ቦርሳ ከግማሽ ቦርሳ ይልቅ ረጅም ይቆያል። ባዶ ቦታ ከተረፈሽ ንጹሕ ፎጣ አጥፈሽ ሙዪው። በተለመደ ቀን የምትጭኚው የሚሞላውን መጠን ግዢ።

«ለ12 ሰዓት ይይዛል» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ምን ያህል በረዶ ይዞ? የውጪው አየር ስንት ዲግሪ ሆኖ? ስንት ጊዜ ተከፍቶ? ተዘግቶ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ቦርሳና ፀሐይ ላይ በሞተር እየተንገላታ በየሩብ ሰዓቱ የሚከፈት ቦርሳ ፈጽሞ አይገናኙም። ራስሽ ፈትሺው። እኩል መጠን ያለው በረዶ መዝነሽ በሁለቱም ቦርሳ ክተቺ። ሁለቱንም አንድ ቦታ አስቀምጪ። በየ20 ደቂቃው ክፈቺ፣ ዝጊ፤ ደንበኛ ጋ የደረስሽ ያህል አድርገሽ። ከ4 ሰዓት በኋላ ውሃውን ደፍተሽ የቀረውን በረዶ መዝኚ። ብዙ በረዶ የቀረበት ነው የተሻለው። ሻጩ ለአንድ ቀን እንድትፈትሺ ካልፈቀደልሽ፣ አንድ ዓይነት ቦርሳ ያለው ሰው ፈልገሽ ተበደሪ።

በረዶ ካነሳን ትንሽ ልቆይበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በረዶ ጥሩ የሆነው ቀዝቃዛ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሲቀልጥ ሙቀት ስለሚውጥ ነው። 1 ኪሎ በረዶ ሙሉ በሙሉ ለመቅለጥ የሚውጠው ሙቀት፣ 1 ኪሎ ውሃን ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ለማድረስ የሚበቃ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የተሞላ ጠርሙስና ውሃው በረዶ ሆኖ የረጋበት ጠርሙስ የማይወዳደሩት ለዚህ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ አርግተሽ መጠቀም ትችያለሽ። እስከ አፉ ግን አትሙዪው፤ ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ይሰነጥቀዋል። ሌሊቱን ሙሉ ፍሪዘር ውስጥ ይደር። ሲወጣ መሃሉ ላይ ውሃ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ገና አልደረሰም። ለማቀዝቀዣ ታሽጎ የሚሸጠው ጄልም ያው ሥራ ይሠራል፣ ለመደርደር ይመቻል። በረዶውን ከታች ብቻ አታድርጊ። ቀዝቃዛ አየር ስለሚወርድ ከላይም ይኑር፣ ከጎንም ይኑር። ቅጠላ ቅጠል ግን በረዶውን በቀጥታ ከነካ ይቃጠላል፤ ጨርቅ ወይም ካርቶን አስገቢበት።

አይስክሬም አለኝ ብለሻል መሰለኝ። ተራ በረዶ የሚቀልጠው በ0 ዲግሪ ነው። አይስክሬም የሚፈልገው ደግሞ ከዜሮ በታች 18 አካባቢ ነው። ስለዚህ በተራ በረዶ መንገድ ላይ ይለሰልሳል። ደረቅ በረዶ የሚባለው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ተኩል ነው፣ ያንን ይይዝልሻል። ግን አይቀልጥም፤ በቀጥታ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይለወጣል። ጥብቅ ተደርጎ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ከገባ ዕቃው ሊፈነዳ ይችላል። በተዘጋ መኪና ውስጥም ትንፋሽ ያሳጥራል። በባዶ እጅ ከነካሽው ቆዳሽን ያቃጥላል። እኔ ብሆን ሥራውን በሞተር ስጀምር አይስክሬሙን ለጊዜው እተወዋለሁ።

ስለ ትኩሱ የሚያስቸግረው እንፋሎት ነው። የተጠበሰ ነገር ጥብቅ ባለ ቦርሳ ውስጥ ሲቆይ ራሱ ባወጣው እንፋሎት ረጥቦ ይለሰልሳል። ክፍት ብታደርጊው ሙቀቱ ይወጣል። ጎኑ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ መተንፈሻ ያለው ቦርሳ አለ፤ የተጠበሰ የምታበዢ ከሆነ ያንን ፈልጊ። ወጥና ሾርባ ለብቻ፣ የተጠበሰ ለብቻ ይሁን። ምግቡን ደግሞ ከምድጃ እንደወጣ ነው የምትከቺው። ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት የቆየን ምግብ የትኛውም ቦርሳ አያድነውም። በመኪና ለሚሠሩ ከመኪናው ኤሌክትሪክ የሚወስድ ማሞቂያ ያለው ቦርሳም አለ። እሱም ቢሆን የሞቀውን ለማቆየት ነው እንጂ የቀዘቀዘውን ለማፍላት አይደለም።

ጥሬ ሥጋና ዓሣ የያዘ ቦርሳ ውስጥ የበሰለ ምግብ በፍጹም እንዳትከቺ። በደንብ ብታጥቢውም አልመክርሽም። በቀለም ለይተሽ ግዢ፤ ሲደክምሽ እንኳ እንዳትሳሳቺ።

እጥበቱ ሰው ከሚያስበው በላይ ቦርሳውን ይጨርሳል። ገበሩ በክር የተሰፋ ከሆነ ሾርባ ሲፈስ በመርፌ ቀዳዳው ገብቶ ፎሙ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ይሸታል። ይሻግታል። ከውጭ ብትፈትጊው አይወጣም። የረጠበ ፎም ደግሞ ሙቀት መያዙን ያቆማል። መጋጠሚያው በክር ሳይሆን በሙቀት የተጣበቀ ገበር ያለውን ምረጪ። ትንሽ ይወደዳል፤ እኔ ጋ ግን ከሌላው ሁለት እጥፍ ቆይቶልኛል። ማታ ማታ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ አጥበሽ ክፍት አድርገሽ አሳድሪው። እርጥብ እንደሆነ አጥፈሽ አታስቀምጪ።

ከታች አንድ ወንድማችን ኢንሱሊን በዚሁ ቦርሳ ይጓጓዝ እንደሆነ ጠይቋል። ወንድሜ፣ ከምግብ ጋር አታድርገው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ከበረዶ ጋር ተነካክቶ ከረጋ ደግሞ ይበላሻል፣ ሲያዩትም ላያስታውቅ ይችላል። ለመድኃኒት የተሠራ የራሱ ቦርሳ አለ፤ ፋርማሲስቱን ጠይቀው።

እህቴ፣ ከቦርሳው ጋር ጫፉ ሹል የሆነ ትንሽ ዲጂታል ቴርሞሜትርም አብረሽ ግዢ። ስትነሺ ለኪ። የመጨረሻው ደንበኛ ጋ ስትደርሺም ለኪ። ሁለቱንም ቁጥር ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጻፊ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቦርሳሽ ስንት ሰዓት እንደሚችል ከማንም በላይ ታውቂያለሽ፤ ምን ያህል መንገድ እንደምትሄጂም በዚያ ትወስኛለሽ።

ከሁለቱ የቱን ላልሽው ደግሞ በፎቶ የላክሽው የፊታቸውን ብቻ ስለሆነ መፍረድ አልቻልኩም። ነገ ሱቁ ስትሄጂ ክዳናቸውን ከውስጥ በኩል፣ የታችኛውን ማዕዘንና ስፌቱን ቀርበሽ አንሺልኝ። የመብራቱንም ነገር ሞክሪና ምን እንዳየሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ማታ ገብቼ አያለሁ።