ልኬቱ ጠፋ፣ ቁልፉ ግን አልተፈታም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ አነስተኛ የአርክቴክቸር ቢሮ ከተቀጠርኩ ስምንት ወሬ ነው። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በሬቪት (ሕንፃ በኮምፒውተር በሚነደፍበት ሶፍትዌር) እየሠራሁ ነው። እንዳይንቀሳቀሱብኝ ብዬ ኮሪደሩንም ክፍሎቹንም ልኬት እየሰጠሁ ቆለፍኳቸው። አሁን ስትራክቸራል ኢንጂነሩ አክሲስ ሲን (ግድግዳው የሚቆምበትን መስመር) 20 ሳንቲ ወደ ውጭ አውጪው አለኝ። ልጎትተው ስል «ኮንስትሬይንትስ አር ኖት ሳቲስፋይድ» (ማሰሪያዎቹ ሊጠበቁ አልቻሉም) ይለኛል። ልኬቶቹን በሙሉ አጠፋኋቸው፤ አሁንም ያንኑ ይላል። አለቃዬ ፋይሉ ተበላሽቷል፣ እንደ አዲስ ጀምሪው ብለውኛል። እውነት ተበላሽቶ ነው? ልኬቶቹን ከማጥፋቴ በፊት ያነሣሁትን የወለሉን ፕላን ፎቶ አያይዤዋለሁ።
ከሐዋሳ

መልስ፦ ፋይልሽ ደህና ነው፤ እባክሽ እንደ አዲስ እንዳትጀምሪው። ልኬቶቹን ስታጠፊ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ ብሎ ነበር፤ ብዙ ሰው ሳያነበው ኦኬ ብሎ ያልፈዋል፣ አንቺም እንደዚያ ያደረግሽ ይመስለኛል። የሚለው ይህን ነው፦ ልኬቱ ጠፍቷል፣ የታሰሩት ነገሮች ግን አሁንም እንደታሰሩ ናቸው፣ ማሰሪያውም እንዲፈታ ከፈለግሽ «አንኮንስትሬይን» የሚለውን ተጫኚ።

በሬቪት የተቆለፈ ልኬት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ወረቀት ላይ የሚታየው ቁጥር ነው፤ እሱ የሚኖረው በአንድ ሥዕል ላይ ብቻ ነው። ሌላው ማሰሪያው ነው፤ እሱ የሚኖረው ሞዴሉ ውስጥ ነው። ሴክሽን (የሕንፃው ቁርጥ ሥዕል) ላይ ሆነሽ የቆለፍሽው ግድግዳ ፕላን ላይም አይነቃነቅም። አንቺ ያጠፋሽው ቁጥሩን ነው።

ፎቶውን አየሁት። ከአክሲስ ቢ እስከ ሲ 4.80 ሜትር ነው። የቢው ግድግዳ ከአክሲሱ ጋር ተቆልፏል፣ የሲውም እንዲሁ። በመሃል ያለው ግድግዳ ከቢው 1.80 ላይ ተቆልፏል፤ ይህ ኮሪደርሽ ነው። ከሲው ደግሞ 3.00 ላይ ተቆልፏል፤ ይህ ክፍልሽ ነው። 1.80 እና 3.00 ሲደመር 4.80 ይሆናል፣ እስካሁን ሁሉም ልክ ነበር። ኢንጂነሩ ያዘዘው ግን 5.00 ነው። ሬቪት 1.80ንም፣ 3.00ንም፣ 5.00ንም አንድ ላይ ጠብቅ ተብሏል፤ ይህን ማንም ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ የትኛውን ልልቀቅ ብሎ ይጠይቅሻል።

መልሱን መስጠት ያለብሽ አንቺ ነሽ እንጂ ማሽኑ አይደለም። እዚያው መስኮት ላይ «ሪሙቭ ኮንስትሬይንትስ» (ማሰሪያዎቹን አንሣ) የሚል አለ፤ የትኛው ማሰሪያ እንደሚፈታ ሳታውቂ እሱን አትጫኚው። ካንስል በዪና ከሥዕሉ ግርጌ ካሉት ትንንሽ ምልክቶች መካከል «ሪቪል ኮንስትሬይንትስ» (ማሰሪያዎቹን አሳይ) የሚለውን ክፈቺ። ሕንፃው ይደበዝዝና ማሰሪያዎቹ በቀይ ይወጣሉ፤ አጠፋኋቸው ያልሻቸውም ጭምር። የ3.00ውን ምረጪና ፍቺው። ኮሪደሩን ተዪው። ከዚያ አክሲሱን ጎትቺ፤ ክፍሉ 3.20 ይሆናል፣ ሌላው ባለበት ይቆያል።

ለምን ክፍሉን? የኮሪደሩ ስፋት የተወሰነ ነገር ነው፤ ሰው የሚያልፍበት፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሚዞርበት፣ ፈቃድ ሰጪውም የሚያየው ነው። የክፍሉ 3.00 ግን የተወሰነ ሳይሆን የተረፈ ነው። እኔ የምቆልፈው የተወሰነውን ብቻ ነው። የተረፈውን እለካዋለሁ፣ አልቆልፈውም። በአንድ መስመር ላይ ቢያንስ አንድ ልኬት ነፃ መሆን አለበት፤ ለውጡ ሲመጣ የሚገባበት ቦታ ይፈልጋል።

ሌላም ያየሁት አለ፣ ሳልነግርሽ ባልፍ ደስ አይለኝም። 1.80ውን የቆለፍሽው ከግድግዳ መሃል እስከ ግድግዳ መሃል ነው። ብሎኬቱ ባለ 20 ነው፤ ስለዚህ በባዶ ብሎኬት መካከል የሚቀርሽ 1.60 ነው። ልስኑ በየጎኑ 2 ሳንቲ ቢሆን ሰው የሚያልፍበት 1.56 ይሆናል። አንቺ በሐሳብሽ የነበረው የትኛው ነው? የሚታለፍበት ከሆነ ግድግዳውን ከነልስኑ ሥሪውና ልኬቱን ከልስን ፊት እስከ ልስን ፊት ስጪ። ጠቋሚውን ግድግዳው ላይ አድርገሽ ታብን ደጋግመሽ ስትጫኚ አንዴ መሃሉን፣ አንዴ ፊቱን ይይዝልሻል። የተቆለፈ ስህተት ካልተቆለፈው ይብሳል፤ አክሲሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ተጠንቅቆ ይጠበቃል።

ያ የሚያበሳጭሽ መልእክት ወዳጅሽ ነው። እኔን የጎዳኝ መልእክት ያልመጣበት ቀን ነው። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቢሮ የመጸዳጃ ቤቱን ግድግዳ ከቧንቧ መውረጃው ግድግዳ 80 ሳንቲ ላይ ቆለፍኩት። ለኅትመት ሥዕሉ ይጽዳ ብዬ ልኬቱን አጠፋሁት፣ ኦኬ ብዬም አለፍኩ። ከወራት በኋላ የሥራ ባልደረባዬ የመውረጃውን ግድግዳ 20 ሳንቲ ገፋ አደረገው፤ የእኔ ግድግዳ ተከትሎት ሄደ። በዚያኛው ወገን ነፃ ስለነበር የሚቃረን ነገር አልነበረም፤ ሬቪትም ዝም አለ። ወረቀቱ ላይ ምልክት አልነበረም፣ ባልደረባዬም ሊያውቅ አይችልም ነበር። ፎርማኑ የደወለልኝ ብሎኬቱ አምስት ረድፍ ከወጣ በኋላ ነው፤ «በሩ ሲከፈት መቀመጫውን ይመታል» አለኝ። ሄጄ ቆሜ እያየሁ ግንቡ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ የተቆለፈ ልኬት ከሥዕል ላይ አላጠፋም። ለኅትመት የማይፈለግ ከሆነ ለሥራ ብቻ የምጠቀምበት ሌላ የፕላን ቪው አለኝ፣ ቁልፎቼ ሁሉ እዚያ ይቀመጣሉ፤ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያያቸዋል።

አለቃሽንም አልወቅሳቸውም። በአውቶካድ፣ መስመር እየተሣለ በሚሠራበት ሶፍትዌር፣ ላደገ ሰው ልኬት ማለት የተሣለውን የሚናገር ጽሑፍ ነው፤ ቁጥሩን ሰርዞ ሌላ መጻፍም ይቻል ነበር፣ ስንት ሥራ በዚያ ተበላሽቷል። ሬቪት ግን ለረጅም ጊዜ በልኬት ላይ የሐሰት ቁጥር አያስጽፍም ነበር። ሐሳቡ ራሱ ግን አዲስ አይደለም። ኢቫን ሳዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በኤምአይቲ በሠራው ስኬችፓድ የተባለ የሥዕል ፕሮግራም ላይ ሁለት መስመሮችን «እኩል ሁኑ» ወይም «ትይዩ ሁኑ» ብሎ ማዘዝ ይቻል ነበር። ሬቪት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፣ የአውቶካድ ባለቤት አውቶዴስክ የገዛው ደግሞ በ2002።

ጥያቄ፦ የኤልቲዜድ (የብረት) መስኮት ፋሚሊ፣ ማለት ሬቪት ውስጥ እየደጋገምኩ የማስገባው ሞዴል፣ ሠራሁ። ስፋቱን ከ1.20 ወደ 1.50 ስቀይረው በአንድ ጎን ብቻ ይረዝማል፣ የመሃሉ ብረት ባለበት ይቀራል። ምን ጎደለኝ?
ከድሬዳዋ

መልስ፦ መሃሉ መሃል እንዲሆን ያዘዘው የለም። ከግራው ሪፈረንስ ፕሌን (መመሪያ መስመር) በመሃሉ በኩል እስከ ቀኙ አንድ ተከታታይ ልኬት ስጥና ኢኪው የሚለውን ተጫን፤ ሁለቱ ግማሾች እኩል ይሆናሉ። ከእሱ በላይ ከግራ እስከ ቀኝ ሌላ ልኬት ስጥና የስፋቱን ፓራሜትር (የሚቀየረውን ቁጥር) በሌብል አያይዝበት። ብረቶቹን እርስ በርሳቸው አትሰር፤ እያንዳንዱን በአላይን (አስተካክሎ በሚያገጥመው መሣሪያ) ወደ ፕሌኑ አምጥተህ እዚያው ቆልፈው። ፕሌኖቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ብረቱ ይከተላል። የመስኮት ቴምፕሌት (ዝግጁ መነሻ ፋይል) ከፍተህ ብትጀምር ኖሮ ሁለቱም ልኬቶች ተሠርተው ይጠብቁህ ነበር። ወደ ፕሮጀክቱ ከማስገባትህ በፊት 0.60፣ 1.20 እና 2.40 እያልክ ፈትነው፤ የሚሰበር ከሆነ እዚያው ይሰበር።

ጥያቄ፦ በሬቪት ፒን እና ቁልፍ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
ከአዲስ አበባ፣ ተማሪ

መልስ፦ ፒን አንድን ነገር ባለበት ይቸነክራል፤ ስለ ጎረቤቱ አያገባውም። ቁልፍ ሁለት ነገሮችን እርስ በርስ ያስራል፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው አብሮት ይሄዳል። አክሲሶችንና ሌቭሎችን (የፎቆቹን ከፍታ መስመሮች) በፒን ያዝ። ኢንጂነሩ ለውጥ ሲያዝህ የዚያን አክሲስ ፒን ብቻ ንቀል፣ አንቀሳቅሰው፣ ወዲያው መልሰህ ቸንክረው።