ኬላው ፊርማው ላይ ነው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። መገናኛ አካባቢ ትንሽ የሂሳብ ቢሮ አለኝ። ከረዳቴ ጋር የሱቆችን፣ የአንድ ክሊኒክንና የአስመጪዎችን ሂሳብ እንይዛለን። አሁን ናይሮቢ ያለ የቡና ነጋዴ «በየወሩ ሂሳቤን ያዢልኝ» ብሎኛል። ደስ ብሎኛል፤ ግን ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት ከገባች የውጭዎቹ መጥተው ይጠርጉናል ይባላል። ናይሮቢ ቢሮ ልክፈት? ወይስ እዚሁ ያለኝን ልጠብቅ?
መ.ተ.፣ ከመገናኛ

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ቢሮ ለመክፈት ግን አትቸኩዪ።

እቃ ድንበር ሲሻገር ቀረጥ አለ፣ ኮንቴይነር የሚያስከፍት ፈታሽ አለ። አንቺ የምትልኪው በኢሜይል ነው፤ ሞያሌ ላይ ማንም አያስቆመውም። የአገልግሎት ንግድ ኬላው ሌላ ቦታ ነው፦ ማን ይፈርም የሚለው ላይ።

ነጋዴው የፈለገው ደረሰኝ መመዝገብ፣ ባንክ ማስታረቅና የደመወዝ ሰነድ ማዘጋጀት ከሆነ እዚሁ ቁጭ ብለሽ ትሠሪዋለሽ። ዓመታዊውን ኦዲት ግን አንቺ አትፈርሚም። እሱን የሚፈርመው የኬንያ የሂሳብ ባለሙያዎች ኢንስቲትዩት አባል የሆነና የሥራ ፈቃድ የያዘ ሰው ነው። እኛም ጋ ያው ነው። ድሮ ኦዲት ስሠራ የውጭ ባለሙያዎች መጥተው ሌት ተቀን ሲለፉ አይቻለሁ። ሁሉ ካለቀ በኋላ ሪፖርቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ እዚህ ፈቃድ ያለው ጓደኛዬ ከመስክ እስኪመለስ ጠበቁት። ዛሬ ይህን ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው።

ወደ ስጋትሽ ልምጣ። የዓለም ንግድ ድርጅት የአገልግሎት ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። አገልግሎት ድንበር የሚሻገርበትን መንገድ አራት ያደርገዋል፦ ሥራው ብቻውን ሲሻገር፣ ደንበኛው ራሱ ሲመጣ፣ ድርጅቱ ቅርንጫፍ ሲከፍት፣ ባለሙያው ሲሄድ። አንቺ የያዝሽው የመጀመሪያውን ነው፤ የፈራሽው ሦስተኛውን። አባል የሚሆን አገር የትኛውን መንገድ በየትኛው ሙያ እንደሚከፍት ተደራድሮ በዝርዝር ይጽፋል። ገባ ማለት በሩን ሁሉ በረገደው ማለት አይደለም። ደግሞስ ከትልልቆቹ የውጭ የሂሳብ ድርጅቶች አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ከከተሙ ቆይተዋል። የክሊኒክሽን ሂሳብ ፈልገው ሲመጡ አይተሻል?

ለአንቺ የሚቀርበው የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣና ነው። እኛም ኬንያም አለንበት። ቅድሚያ ከተሰጣቸው አምስት የአገልግሎት ዘርፎች አንዱ የቢዝነስ አገልግሎት ነው፤ ሂሳብ፣ ሕግና ምህንድስና እዚያ ውስጥ ይገባሉ። የሙያ ወረቀትሽን ናይሮቢ የሚያውቅልሽ ግን የሙያ ማኅበራቱ ሲስማሙ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ስምምነት አለ፤ እኛ ደግሞ የዚያ ማኅበረሰብ አባል አይደለንም። ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሙያ ትምህርት ጀምረሽ አቋርጠሽ ከሆነ ተመለሺበት። በብዙ አገር የሚታወቅ ወረቀት ነው።

ውሉን በጽሑፍ አድርጊው። የምትሠሪውም፣ የማትፈርሚውም ይጻፍ። ክፍያው በባንክ በኩል ይምጣ፤ «ዘመዴ ብሩን እዚያው ይሰጥሻል» ቢልሽ እሺ እንዳትዪ። ሰዓትም አስምሩበት፦ በእንግሊዝኛ «በ9» ካለሽ ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው። በስዋሂሊ ካወራ ግን እንደኛው ነው የሚቆጥረው!

ጥያቄ፦ አርክቴክት ነኝ። አንድ የቱርክ ድርጅት አዲስ አበባ ላይ አብረን ቢሮ እንክፈት ይለኛል። ይፈቀዳል?
ገ.አ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ይፈቀዳል። በኢንቨስትመንት አዋጅ 1180/2012 መሠረት የውጭ ባለሀብት ለአርክቴክቸርና ለምህንድስና ሥራ ብቻውን ከመጣ ቢያንስ 100,000 ዶላር መመደብ አለበት። ከኢትዮጵያዊ ጋር ከተጣመረ 50,000 ይበቃዋል። ሥራህን ወድዶም ሊሆን ይችላል፣ አላውቅም። ድርሻህን ስትደራደር ግን ይህን ልዩነት አንሳው። መመሥረቻ ጽሑፉንም ከመፈረምህ በፊት ራስህ የቀጠርከው ጠበቃ ያንብበው፤ እነሱ ያመጡት አይሁን።