«እማዬ፣ ዳኮታዎች የት ሄዱ?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። የ9 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «እማዬ፣ ይሄ የዳኮታዎች አገር ነበር፤ የት ሄዱ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። የምንንሸራሸርበት ሐይቅም ካልሁን መባሉ ቀርቶ በዳኮታ ስሙ ብዴ ማካ ስካ ተብሏል። እውነት ተመልሰዋል ወይስ የተመለሰው ስሙ ብቻ ነው?
እናት፣ ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ እህቴ፣ ለልጅሽ ሳትፈሪ ንገሪያት። ዳኮታዎች የአካባቢው ነባር ሕዝብ ናቸው፤ ሄደው አልጠፉም። ተባርረው ነበር፤ ብዙዎቹም ተመልሰዋል። ሚኒሶታ የሚለው የግዛታችሁ ስም ራሱ የእነሱ ነው። «ሚኒ» በቋንቋቸው ውሃ ማለት ነው።

ነገሩ የፈነዳው በ1862 እ.ኤ.አ. ነው። መሬታቸውን ለአሜሪካ መንግሥት በውል ለቀው በየዓመቱ የሚከፈላቸውን ገንዘብ ይጠብቁ ነበር። ገንዘቡ ዘገየ፣ ረሃብ ገባ፣ ነጋዴዎቹም ዱቤ ከለከሉ። ጦርነት ተነሳ፤ በሳምንታት ውስጥም ተሸነፉ። በፈረንጆች ገና ማግስት ማንካቶ ከተማ ላይ 38 ወንዶች በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ። አሜሪካ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሰው የሰቀለችበት ሌላ ጊዜ የለም። ወደ 1,600 የሚሆኑ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ደግሞ ያን የበረዶ ወቅት ፎርት ስኔሊንግ ሥር በታጠረ ካምፕ ታጉረው አሳለፉ። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለውን ምሽግ ማለቴ ነው፤ በባቡር ስታልፊ ጣቢያው በስሙ ይጠራል። ከ100 በላይ ሰው እዚያ በኩፍኝና በሌላም በሽታ አለቀ። በ1863 ኮንግረስ ከሚኒሶታ እንዲወጡ ሕግ አወጣ። ይህ ሕግ እስከ ዛሬ በይፋ አልተሻረም!

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የእስረኞቹ ነገር ነው። ከስቅላት የተረፉት ወንዶች አዮዋ ውስጥ ዳቬንፖርት ታስረው ነበር። ብዙዎቹ በራሳቸው ቋንቋ መጻፍ የተማሩት እስር ቤት ነው፤ ከዚያም በዳኮታ ደብዳቤ ይጽፉ ጀመር። ደብዳቤዎቹ ዛሬም አሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ያነቧቸዋል።

መመለሱ የተጀመረው ማንም «ኑ» ሳይላቸው ነው። በ1880ዎቹ ጥቂት ቤተሰቦች የገዛ አገራቸውን መሬት በገንዘብ እየገዙ ሰፈሩ። ዛሬ ሚኒሶታ ውስጥ አራት ማኅበረሰቦች አሏቸው («ሱ» የዳኮታዎች ሌላ መጠሪያ ነው)፦ ሎወር ሱ፣ አፐር ሱ፣ ፕሬሪ አይላንድና ሻኮፒ። በነብራስካ፣ በሰሜንና በደቡብ ዳኮታ ግዛቶችና በካናዳ የቀሩም ብዙ ናቸው።

ስሙ ብቻ ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። የአፐር ሱ ሰዎች የአያት ቅድመ አያቶቻቸው መቃብር ያለበት ቦታ የግዛቱ ፓርክ ሆኖ ነበር። መቃብር ሊሳለሙ ሲመጡ የመግቢያ ይከፍሉ ነበር። ለወገን መቃብር ትኬት! ሊቀ መንበራቸው ኬቨን ጄንስቮልድ መሬቱ ይመለስልን ብለው 18 ዓመት ያህል ተሟገቱ፤ በ2024 ግዛቱ አስረከባቸው።

የሚያሳስበኝ ቋንቋው ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ዳኮታን በአፍ መፍቻነት የሚናገሩ አዛውንቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ግን ሎወር ሱ ውስጥ ሕፃናት ገና ከመዋያቸው ጀምሮ በዳኮታ ይማራሉ፤ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲም ያስተምራል። እዚያ ከተማ አማርኛ ለልጅ ማስተማር ምን ያህል እንደሚያታግል አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እነሱ ደግሞ ቋንቋቸው የአገር ቋንቋ የሆነበት ሌላ አገር የላቸውም።

ቅዳሜ ልጅሽን ይዘሽ ፎርት ስኔሊንግ ፓርክ ውረጂ። የሚኒሶታና የሚሲሲፒ ወንዞች መገናኛ «ብዶቴ» ይባላል፤ ዳኮታዎች ሕዝባችን የተገኘው እዚህ ነው ይላሉ። ያ ካምፕ የነበረውም እዚያው ነው። ሴቶቹ ሰላምታ ሲሰጡ «ሃን» ይላሉ፣ ወንዶቹ «ሃው»፤ ለልጅሽ አስተምሪያት። ወንዞቹ እስከሚገናኙበት ጫፍ ድረስ መንገዱ በእግር ነው፤ ጥሩ ጫማ አድርጉ።